ክፍተቴን ምን በላው? ደሴ ላይ የተሠራ አንድ ድረ ገጽና የመስመርና የአንቀጽ ርቀት ጉዳይ

ጉዳዩ የአንድ ድረ ገጽ ነው። ባለቤቱ በደቡብ ወሎ ትምህርት ቤቶች ለረጅም ዘመን አማርኛ አስተምረው ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ስለ ሐይቅ፣ ስለ አምባሰልና ስለ ቦረና የጻፏቸውን መጣጥፎች፣ እንዲሁም በየመንደሩ እየዞሩ የለቀሟቸውን የሠርግ፣ የለቅሶና የመንዙማ ግጥሞች በአንድ ቦታ ለማኖር ፈልገው ወደ እኔ የመጡት ባለፈው ክረምት፣ የጦሳ ተራራ በጉም ተሸፍኖ በከረመበት ሰሞን ነበር። እኔ ደሴ ውስጥ ኮምፒውተር በመጠገንና ድረ ገጽ በመሥራት የምተዳደር ሰው ነኝ። ጽሑፉ በዎርድ ተተይቦ ያለቀና 41 ገጽ ብቻ ስለነበር ሥራው የአንድ ሳምንት ነው ብዬ ገመትኩ። ከወር በላይ ፈጀ፤ ጊዜውን የበላው ደግሞ ጽሑፉ ሳይሆን በጽሑፉ መካከል ያለው ባዶ ቦታ ነው።

ገጹ ለመጀመሪያ ጊዜ ተከፍቶ በታየበት ዕለት መምህሩ ላፕቶፓቸውን አቅፈው ሱቄ መጡ፤ አንዱን መጣጥፍ ከፍተው በጣታቸው እያሳዩ «ልጄ፣ እኔ የተውኩትን ክፍተት ምን በላው?» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር። በአንዱ ገጽ ሁለት አንቀጾች ያለ ልክ ተራርቀው መካከላቸው ሌላ አንቀጽ የሚያስገባ ይመስላል፤ በሌላው ገጽ ደግሞ በዎርድ ላይ ሰፊ ባዶ ቦታ የነበራቸው አንቀጾች ተጠጋግተዋል። ግጥሞቹ ስንኝ ከስንኝ ተቀላቅሎ እንደ ደብዳቤ ወጥተዋል። ስለ መንዙማ በሚናገረው ክፍል አንዳንዱ መስመር ከጎረቤቱ ርቆ ይታያል። በልጃቸው ስልክ ላይ ሲከፈት ደግሞ ስለ ብራና መጻሕፍት የተጻፈው ገጽ ከስክሪኑ ወደ ቀኝ አልፎ ስለሚሄድ፣ አንዱን መስመር ለመጨረስ ገጹን በጣት ወዲያና ወዲህ መግፋት ግድ ነበር።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ፎንቱን ነው። የአማርኛ ጽሑፍ በተበላሸ ቁጥር ጣታችንን ፎንት ላይ መቀሰር ልማዳችን ሲሆን፣ ልማዱም መነሻ አለው፤ ዩኒኮድ (ለዓለም ፊደላት ሁሉ አንድ ወጥ የኮምፒውተር ቁጥር የሚሰጠው ሥርዓት) የግዕዝን ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. በ3.0 እትሙ ከማስገባቱ በፊት እያንዳንዱ የአማርኛ ፎንት የራሱ የፊደል አቀማመጥ ስለነበረው፣ በአንዱ የተጻፈው በሌላው ሲከፈት ትርጉም የሌለው ምልክት ይሆን ነበር። ስለዚህ ፎንቱን ሦስት ጊዜ ቀያየርኩ፤ መልኩ ተለወጠ እንጂ ችግሩ ንቅንቅ አላለም። ከዚያ በኋላ ነው በመጀመሪያው ቀን ማድረግ የነበረብኝን ያደረግኩት፤ በብራውዘሩ ላይ የገጹን ውስጠኛ አሠራር የሚያሳየውን ኢንስፔክት የሚባለውን ከፍቼ እያንዳንዱን አንቀጽ እንደ ሳጥን እየመረጥኩ፣ በሳጥኑ ዙሪያ ስንት ፒክስል (የስክሪን ነጥብ) ማርጂን፣ ማለትም ከሳጥኑ ውጭ የሚተው ባዶ ቦታ እንዳለ አንድ በአንድ መዘገብኩ። ምልክቶቹ የአንድ በሽታ አልነበሩም፤ የጋራ ሥር ግን ነበራቸው። መምህሩም እኔም ክፍተትን የሚተየብ ነገር አድርገን እንቆጥረው ነበር፤ ለብራውዘር ግን ክፍተት የሚሰላ ነገር ነው።

መምህሩ መተየብ የተማሩት በታይፕራይተር ነው። በታይፕራይተር ላይ ማንሻውን ሁለት ጊዜ የገፋ ሰው ሁለት መስመር ይወርዳል፤ ወረቀቱም የተገፋውን ያህል ባዶ ሆኖ ይቀራል። ብራውዘር በዚህ ሕግ አይሠራም። ድረ ገጽ በሚጻፍበት ቋንቋ፣ በኤችቲኤምኤል ምንጭ ጽሑፍ ውስጥ በተከታታይ የተመቱ ስፔሶች፣ ታቦችና ኢንተሮች አሥርም ይሁኑ መቶ፣ የተለየ ትእዛዝ እስካልተሰጠ ድረስ ተጨፍልቀው አንድ ስፔስ ይሆናሉ። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ጸሐፊው መስመሩን የት እንደቆረጠው ለአንባቢው ስክሪን ምንም አይጠቅመውም፣ ብራውዘሩ ጽሑፉን በመስኮቱ ስፋት ልክ እንደገና ራሱ ያጥፈዋልና። የዌብ ፈጣሪው ቲም በርነርስ ሊ በአውሮፓ የኑክሌር ምርምር ማዕከል በሰርን ሳሉ በቀረጹት የመጀመሪያው ኤችቲኤምኤል የፒ ታግ፣ ማለትም የአንቀጽ ምልክቱ፣ በሁለት አንቀጾች መካከል የሚቆም መለያ ብቻ ነበር፤ በኅዳር ወር 1995 እ.ኤ.አ. በወጣው ኤችቲኤምኤል 2.0 አንቀጹን በውስጡ የሚይዝ ዕቃ ሆነ። በታኅሣሥ 1996 እ.ኤ.አ. የገጽን መልክ የሚደነግገው ቋንቋ፣ የሲኤስኤስ የመጀመሪያ ደረጃ ሲጸድቅ ደግሞ የርቀቱ ጉዳይ ከጽሑፉ ወጥቶ ለስታይል ተሰጠ። አንቀጽ መሆኑን የሚናገር አንድ፣ ምን ያህል እንደሚራራቅ የሚናገር ሌላ ማለት ነው።

የግጥሞቹ ነገር በዚህ ተፈታ። የመምህሩ ልጅ ግጥሞቹን ከዎርድ ወደ ኖትፓድ፣ ከኖትፓድ ወደ ድረ ገጹ ስትገለብጥ በየስንኙ መጨረሻ የቀረው ኢንተር ብቻ ነበር፤ ብራውዘሩም እያንዳንዱን ኢንተር ስፔስ አደረገው። ለሙከራ እኔው ራሴ የገጠምኳትን ሁለት ስንኝ እንዲህ አድርጌ አስገባሁ።

ጦሳ ላይ ደመና    ሐይቅ ላይ ጠራ ፀሐይ፣
አንቺስ ከየት በኩል    ትመጪ ይሆን ወይ።

ብራውዘሩ ያወጣልኝ «ጦሳ ላይ ደመና ሐይቅ ላይ ጠራ ፀሐይ፣ አንቺስ ከየት በኩል ትመጪ ይሆን ወይ።» የሚል አንድ ዝርግ መስመር ነው። እዚህ ላይ የጠፋው የስንኙ መታጠፊያ ብቻ አለመሆኑን ያሳዩኝ መምህሩ ናቸው። እሳቸው ስንኙ መሐል ላይ ትንፋሽ የሚወሰድበትን ስፍራ አራት ስፔስ በመምታት ይለዩታል፤ ይህም በአማርኛ ግጥም ውስጥ ቤት የመምታቱን ያህል ክብደት ያለው ነገር ነው። ለየስንኙ መጨረሻ መስመር የሚቆርጠውን የቢአር ታግ ብጨምር መታጠፊያው ይመለሳል፤ ግጥምና አድራሻ፣ የመስመሩ መቆረጥ የይዘቱ አካል ስለሆነ፣ የቢአር ታግ በትክክል የተሠራላቸው ቦታዎች ናቸው። መሐል ያለው ትንፋሽ ግን አይመለስም። በሲኤስኤስ ዋይት ስፔስ የሚባለውን ባሕርይ ፕሪ ላይን ባደርገው ኢንተሩን ይጠብቃል፣ ስፔሱን ግን ይጨፈልቃል፤ ፕሪ ራፕ ባደርገው ሁለቱንም ይጠብቃል፣ መስመሩ ከስክሪኑ ሲረዝምም ያጥፈዋል። የመረጥኩት ፕሪ ራፕን ነው። እያንዳንዱ አንጓ በራሱ የፒ ታግ፣ በአንጓው ውስጥ ያሉት ስንኞች ደግሞ በኢንተር ብቻ ተለይተው ተቀመጡ። በጠባብ ስልክ ላይ ታጥፎ የሚወርደው ግማሽ ስንኝ አዲስ ስንኝ እንዳይመስል ወደ ውስጥ ማስገባት ፈልጌ ነበር፤ ነገር ግን መስመርን ወደ ውስጥ የሚያስገባው ቴክስት ኢንደንት የሚሠራው በአንጓው የመጀመሪያ መስመር ላይ ብቻ ስለሆነ እያንዳንዱን ስንኝ በየራሱ ሳጥን ማስገባት ሊኖርብኝ ነው። ይህን ያደረግኩት ረጃጅም ስንኝ ላላቸው መንዙማዎች ብቻ ነው፤ ለሌላው አልደከምኩም።

የአንቀጾቹ ርቀት ከዚህ ይልቅ የተወሳሰበ ነበር፤ ምክንያቱም ጽሑፉ የገባው በሦስት ሰው እጅ ነው። መምህሩ ራሳቸው ከዎርድ በቀጥታ ኮፒ ፔስት ያደረጓቸው ገጾች፣ እሳቸው ኢንተር ሁለት ጊዜ በመቱበት ቦታ ሁሉ በውስጡ አንድ የማይሰበር ስፔስ (ብራውዘሩ እንደ ፊደል ቆጥሮ የማይጨፈልቀው ስፔስ) ብቻ የያዘ የፒ ታግ ይዘው ገብተዋል። እኔ ደግሞ ጥቂት ገጾችን ጽሑፍ በሚያጸዳ መሣሪያ ስላሳለፍኩ በእነዚህ ውስጥ የፒ ታጎቹ ቀርተው የማይሰበረው ስፔስ ጠፍቷል። ልዩነቱ በዓይን ሲታይ ኢምንት ነው፤ በብራውዘሩ ስሌት ግን የሰማይና የምድር ያህል ነው። ብራውዘሮች ለፒ ታግ በራሳቸው የሚሰጡት ማርጂን ከላይ 1 ኢኤም፣ ከታች 1 ኢኤም ነው፤ የፊደሉ መጠን 16 ፒክስል ከሆነ ከላይም ከታችም 16 ፒክስል ማለት ነው። ምንም ያልያዘ የፒ ሳጥን ቁመት ስለሌለው የላይኛውና የታችኛው ማርጂኑ እርስ በርሳቸው ይዋሐዳሉ፣ ከጎረቤቶቹ ማርጂን ጋርም ይቀላቀላሉ፤ ስለዚህ በሁለት አንቀጾች መካከል አምስት ባዶ የፒ ታግ ቢደረደር ርቀቱ ያው 16 ፒክስል ነው። አንድ የማይሰበር ስፔስ ከገባበት ግን ሳጥኑ የአንድ መስመር ቁመት ያገኛል። በወቅቱ የመስመሩ ቁመት 20 ፒክስል ስለነበር ርቀቱ 16 ሲደመር 20 ሲደመር 16፣ ማለትም 52 ፒክስል ሆነ፤ መምህሩ ኢንተሩን ሦስት ጊዜ በመቱባቸው ስፍራዎች ደግሞ 88 ደረሰ። «አንዳንዴ ይበላል፣ አንዳንዴ ይተፋል» ያሉት ይህንን ነው።

ማርጂን የሚዋሐድበትን ሥርዓት ለመምህሩ ያስረዳኋቸው በእርሻ ድንበር ምሳሌ ነው። ሁለት ጎረቤታሞች በማሳቸው መካከል መተላለፊያ እንዲኖር ተስማምተው አንዱ 16 ክንድ፣ ሌላው 20 ክንድ ይበቃል ቢሉ፣ መተላለፊያው 36 ክንድ አይሆንም፤ ሰፊውን የጠየቀው ሰው ቃል ሌላውንም ስለሚያጠቃልል 20 ይሆናል። ሁለተኛ ደረጃ ርዕስ በብራውዘሩ ልማድ 24 ፒክስል ፊደልና የዚያን 0.83 እጥፍ ማርጂን ስላለው ከታቹ 20 ፒክስል ገደማ ይተዋል፤ ተከታዩ አንቀጽ ከላዩ 16 ቢጠይቅም የሚታየው ያው 20 ነው። ይሁን እንጂ ሥርዓቱ የሚሠራው በተለመደው የሳጥን ፍሰት ውስጥ ብቻ ነው። እኔ የግጥሞቹን ገጽ ሳጥኖችን በረድፍ ወይም በዓምድ በሚደረድረው፣ ፍሌክስ በሚባለው አቀማመጥ ስለሠራሁት በዚያ ማርጂን አይዋሐድም፤ አንጓዎቹም በ16 ፈንታ በ32 ፒክስል ተራርቀው ወጡ። ይህን ለማግኘት ግማሽ ቀን ፈጅቶብኛል፤ ብዙ ሰው እንደሚያደርገው ማርጂኑን በግምት በመቀነስ ለማለፍም ሞክሬ ነበር። ያ የትም አያደርስም፤ አንዱን ገጽ ሲያስተካክሉ ሌላው ይፈርሳል።

የመንዙማው ምዕራፍ መስመሮች ለምን እንደተዛነፉ ያወቅሁት ከሁሉ በኋላ ነው። የወሎ መንዙማ በዓረብኛ ፊደል ተጽፎ የኖረ ስለሆነ መምህሩ አንዳንዱን ቃል በአማርኛ ካሰፈሩ በኋላ ከጎኑ በዓረብኛ ፊደል ደግመውታል። ለገጹ የመረጥኩት የግዕዝ ፎንት ዓረብኛ ስለሌለው ብራውዘሩ ለእነዚያ ቃላት ከመሣሪያው ሌላ ፎንት ፈልጎ ያመጣል። ላይን ሃይት (የመስመር ቁመት) ኖርማል በሚባለው ልማዳዊ ሁኔታው ላይ ከተተወ ደግሞ የመስመሩን ቁመት የሚወስነው ፎንቱ ውስጥ የተቀመጠው ልክ ነው፤ ዓረብኛው ፎንት ከላይና ከታች ሰፋ ያለ ቦታ ስለሚጠይቅ፣ እሱ የገባበት መስመር ከሌሎቹ ረዘመ። በመምህሩ አሮጌ ዊንዶውስ ላይ በኒያላ፣ በእኔ ዊንዶውስ 10 ላይ በኢብሪማ፣ በልጃቸው አንድሮይድ ላይ በኖቶ ፎንት የታየው ያው ጽሑፍ ሦስት ዓይነት የመስመር ርቀት የነበረውም በዚሁ ምክንያት ነው።

መነሻውን ሳላውቅ ለዚህ የሰጠሁት መፍትሔ ግን ሌላ ጥፋት ወለደ። ለመላው ገጽ ላይን ሃይት 20 ፒክስል ብዬ ደነገግኩ። መስመሮቹ እኩል ሆኑ፤ ነገር ግን በፒክስል የተሰጠ ቁመት በውስጡ ላሉ ታጎች ሁሉ እንዳለ ስለሚወረስ፣ 32 ፒክስል ፊደል ያለው የገጹ ዋና ርዕስም 20 ፒክስል ቁመት ወረሰ። ርዕሱ አንድ መስመር በሆነበት ቦታ ማንም አላስተዋለም፤ በስልክ ላይ ሁለት መስመር ሲሆን ግን የታችኛው መስመር ፊደላት አናት ከላይኛው እግር ጋር ተጠላለፈ። የግዕዝ ፊደል ከላቲኑ ትንንሽ ፊደላት በተለየ አብዛኛው ቁመቱ ሙሉ ስለሆነ በመስመሮች መካከል ለዓይን የሚተርፈው ነጭ ቦታ ትንሽ ነው፤ ለእንግሊዝኛ የሚበቃ ርቀት ለእኛ ጭንቅንቅ የሚለውም ለዚህ ይመስለኛል። መድኃኒቱ ቁጥሩን ያለ መለኪያ መስጠት ነበር። ላይን ሃይት 1.7 ብቻ ሲባል የሚወረሰው ውጤቱ ሳይሆን ማባዣው ስለሆነ እያንዳንዱ ታግ በራሱ ፊደል መጠን ያበዛዋል፤ 18 ፒክስል የሆነው አንቀጽ 30.6፣ ርዕሱም የራሱን ድርሻ ያገኛል። የዓረብኛው ቃል ያለበት መስመርም ከጎረቤቶቹ ጋር ተስተካከለ።

በስልክ ላይ ወደ ቀኝ ያፈተለከው ገጽ የርቀት ጉዳይ አይመስልም፤ ነው ግን። አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ገዳም ስላደረጉት ስለ ሐይቅ እስጢፋኖስ በሚናገረው መጣጥፍ ውስጥ መምህሩ በብራና ላይ እንዳለው ከቃል ቃል በሁለት ነጥብ እየለዩ፣ ስፔስ ሳይጨምሩ የጻፏቸው ረጃጅም ጥቅሶች አሉ። ግማሾቹ በትክክል ታጥፈዋል፣ ግማሾቹ ደግሞ እንደ ጠፍር ተዘርግተው ቀርተዋል። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጌ በአጉሊ መነጽር ያህል ባፈጥም ልዩነት አላየሁም። ፊደል በፊደል የዩኒኮድ ቁጥራቸውን ሳወጣ ግን ታጥፎ የወረደው ጥቅስ ውስጥ ያለው የግዕዙ ሁለት ነጥብ ሲሆን፣ ያልታጠፈው ውስጥ ያለው የእንግሊዝኛው ኮለን ሆኖ ተገኘ። በዩኒኮድ የመስመር አቆራረጥ ደንብ የግዕዙ ሁለት ነጥብ ከኋላው መስመር እንዲታጠፍ ይፈቅዳል፤ ከኮለን ቀጥሎ ፊደል ከመጣ ግን መታጠፍ ክልክል ነው። ስለዚህ አሥራ ሁለት ቃል ያለው ጥቅስ ለብራውዘሩ አንድ ረጅም ቃል ነበር። መጀመሪያ ኦቨርፍሎው ራፕ የተባለውን ትእዛዝ ሰጥቼ በግድ አሳጠፍኩት፤ ብራውዘሩም በደረሰበት ቦታ ላይ ቆርጦ «መጽ»ን በአንዱ መስመር፣ «ሐፍ»ን በሚቀጥለው አኖረ። መምህሩ ይህን አይተው «ቃል እንደ ሥጋ ይቆረጣል እንዴ?» አሉኝ። ትእዛዙን ሰረዝኩት።

ቀሪው መንገድ ኮለኖቹን መተካት ነበር። በሁለት የግዕዝ ፊደላት መካከል የገባ ኮለን ሁሉ ሁለት ነጥብ፣ ጥንድ ኮለን ደግሞ አራት ነጥብ እንዲሆን ትንሽ ስክሪፕት ጻፍኩ፤ እንደ 3:30 ያለ ሰዓት በአኃዝ መካከል ስለሆነ አልተነካም። ያልጠበቅሁት መምህሩ «ዓ:ም» እያሉ የሚያሳጥሩትን ነበር። እሱም «ዓ፡ም» ሆነ፤ አሁን መታጠፍ ስለተፈቀደለትም በሁለት ገጾች ላይ «ዓ፡» በመስመሩ መጨረሻ፣ «ም» ብቻዋን በሚቀጥለው መስመር መጀመሪያ ተገኘች። አሕጽሮተ ቃላቱን አስቀድሜ ወደ ነጥብ ለወጥኳቸውና ስክሪፕቱን ደግሜ አስኬድኩት። ከአራት ነጥብ በፊት የተመታ ስፔስም እንዲሁ ነው፤ ብራውዘሩ በስፔሱ ላይ ሲታጠፍ አራት ነጥቡ የአዲስ መስመር መሪ ይሆናል፣ ይህም በብዙ የአማርኛ ገጾች ላይ የሚታይ ነገር ነው።

መምህሩ እንደ ታተመ መጽሐፍ ጽሑፉ ግራና ቀኙ እኩል እንዲሆን ጠይቀውኝ ነበር። አሳየኋቸው፤ የአማርኛ ቃል ረጅም ስለሆነና ብራውዘሩ ቃሉን ሳይታዘዝ በራሱ በሰረዝ ከፍሎ ስለማያወርደው፣ በስልክ ላይ በአንድ መስመር ሦስት ቃል ብቻ ተዘርግቶ መካከሉ ገደል ሆነ። ራሳቸው ተዉት።

በመጨረሻ የአንቀጹን የላይኛ ማርጂን ዜሮ፣ የታችኛውን 1 ኢኤም አደረግኩ፤ አንጓዎቹ ደግሞ አንድ ሙሉ መስመር እንዲራራቁ 1.7 ኢኤም ሰጠኋቸው። ገጹን የፈተንኩት በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣው የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያ 2.1 በሚያዘው መንገድ ነው፤ አንባቢው የመስመሩን ቁመት የፊደሉን 1.5 እጥፍ፣ የአንቀጹን ርቀት 2 እጥፍ፣ የፊደላቱን ርቀት 0.12፣ የቃላቱን ደግሞ 0.16 እጥፍ ቢያደርገው ምንም ጽሑፍ መሸፈን ወይም መቆረጥ የለበትም። አንድ ቦታ ወደቀ፤ ቁመቱን በፒክስል የወሰንኩት የማውጫ ሳጥን የመጨረሻውን መስመር ግማሽ ዋጠው። ቁመቱን ነጻ ስለቀው ተስተካከለ።

ከ41ዱ ገጾች ውስጥ የተከማቹትን ባዶ የፒ ታጎች በሙሉ አወጣኋቸው፤ ከዚህ በኋላ የሚገቡትንም ገጹ ሲቀመጥ ስክሪፕቱ ይለቅማቸዋል። መምህሩ ይህን ነግሬያቸው «እሺ» ብለዋል። ባለፈው ሳምንት ስለ ግሸን አዲስ መጣጥፍ ሲያስገቡ አጠገባቸው ተቀምጬ ነበር፤ በየአንቀጹ መጨረሻ ኢንተሩን ሁለት ጊዜ መቱ፣ በርዕሱ ሥር ደግሞ ሦስት ጊዜ፤ ከዚያም ገጹን ከፍተው ወደ ታች እየወረዱ ተመለከቱና «አሁን የተውኩትን ያህል ተወልኝ» አሉ።